የዋሱ ድንጋይ

አስከሬኑን ያገኙት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ከሐረጎ ገደል ሥር እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ጊዜው ጥር 1930 ዓ.ም.፣ ቀኑ እሑድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ከሰርግ ቤት የተመለሰ ሰካራም መስሏቸው ከሩቅ ሰደቡት። ቀርበው ሲያዩት አንደኛዋ ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችለት፤ ሌሎቹ ሽቅብ ወደ መንገዱ ሮጡ።

ሀምሳ አለቃ ብሩ ከደሴ እስኪወርድ ፀሐይዋ ገደሉን ሞልታዋለች። ብሩ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የደሴ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ከገባ በኋላም መርማሪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «አለቃው ተለወጠ እንጂ ሌባው ያው ሌባ ነው» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። አሁን አሁን ይህንንም ማለት ሰልችቶታል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ቁልቁለት አይወድም፤ ጥሩ እንቅልፍ ከተለየውም ሰንብቷል።

ነጠላውን ገለጥ ሲያደርግ ሟቹን አወቀው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። በላቸው ነው፤ ሰው «ወሬ ቤት» የሚለው የጣሊያኖች ማስታወቂያ ክፍል አዋጅ አንባቢ። ሰኞ ሰኞ ደሴ ገበያ መሐል ቆሞ፣ የቆርቆሮ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ የመንግሥቱን ቃል የሚያሰማው እሱ ነበር። ድምፁ ከማማሩ የተነሣ አዋጁን የሚጠሉት ሰዎች እንኳን ቆመው ያዳምጡት ነበር።

የግራ ጆሮ ግንዱ ከገደሉ ግርጌ ካለው ዐለት ጋር ተላትሞ ደቋል። ማጅራቱ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተልጧል፤ በቁስሉ ውስጥ የጋቢ ክርና ግራጫ ብናኝ ገብቷል። ማጅራት መቺ እንዳይባል የኪስ ሰዓቱ ከኪሱ አልወጣም። ቡናማ ጫማ አድርጓል፤ የቀኙ ክር በደንብ ታስሯል፤ የግራው አልታሰረም።

ብሩ እግሩ ተሰብሮ እንደሆን ለማየት የግራውን ጫማ አወለቀው። አልተሰበረም። ውስጥ እግሩ ግን ተሰነጣጥቆ፣ ጠጠር ገብቶበት፣ ደም ቋጥሯል። ጫማው ደህና ነው። ብሩ ጫማውን በአንድ እጁ፣ የሟቹን እግር በሌላው ይዞ አስተያየና መልሶ አጠለቀለት።

* * *

ደሴ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ጠበቀው።

የማስታወቂያ ክፍሉ አለቃ ካፒታኖ ፎስኪ ጠረጴዛው ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጧል። የተሰበረ ወፍጮ ግማሽ ነው፤ መሐሉ በመፍጨት ብዛት ጎድጉዷል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቆበታል። ካፒታኖው አማርኛ አያውቅም። ብሩም ጣልያንኛ የሚችለው የእስር ቤትና የመንገድ ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አፍ አስተርጓሚው ወልደ ሚካኤል ነው። እሱ የጣልያንኛውን ወረቀት ወደ አማርኛ ይገለብጣል፤ በላቸው ደግሞ ያነብ ነበር።

«ገዳዩ ተይዟል ይላሉ» አለ ወልደ ሚካኤል። ዐይኑ ቀልቷል። «ድንጋዩ የተገኘው ኮምቦልቻ፣ በሺር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሐኪሙም ከኋላው ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቶ ነው ብሏል።»

በሺር ማን እንደሆነ ብሩ ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት በላቸው አማን አውጆ ነበር፤ በዱር ያለ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ቢገባ ምሕረት ያገኛል የሚል ቃል። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ሰው ዝም አለ። የወረቀት አማን ማንም አያምንም። በላቸው ያን ጊዜ ጡሩምባውን ከአፉ አውርዶ፣ በገዛ ድምፁ፣ «ዋሳችሁ እኔ ነኝ» አለ። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ለጣሊያኖቹ ማሳመሪያ መሰላቸውና ወደዱት። ለወሎ ሰው ግን ዋስ ማለት ዋስ ነው፤ የተዋሰው ቢበላሽ አንገቱን የሚሰጥ። በዚያ ቃል አምስት ሰዎች ገቡ። በሳምንቱ አምስቱም ተረሸኑ። አንዱ የበሺር ታላቅ ወንድም ሀምዱ ነበር። በሺርም ገበያ መሐል ቆሞ «ዋሱ ይጠየቅ» ብሎ ጮኋል፤ ይህን ያልሰማ የለም።

ካፒታኖው ረጅም ነገር ተናገረ። ወልደ ሚካኤል አሳጠረው።

«ምርመራውን እስከ ቅዳሜ ጨርሰው ይፈርሙ። ሰኞ ገበያ ላይ በሺር ይሰቀላል። በዚያው ሰዓት አዲስ አማን ይነበባል። ሰው ወረቀቱን ስለማያምን፣ እርስዎን ደግሞ ከድሮም ስለሚያውቅዎ፣ ድንጋዩን ይዘው ወጥተው ለሕዝቡ ያሳያሉ፤ ከዚያ…»

«ከዚያ?»

«‹ዋሳችሁ እኔ ነኝ› ይላሉ።»

ብሩ ድንጋዩን አየው። እንዲህ ያለ ድንጋይ የት እንዳየ ለማስታወስ ሞከረ፤ ድካም አእምሮውን እንደ ጭጋግ ሸፍኖት ነበርና አልመጣለትም።

* * *

ማክሰኞ ለቅሶ ሊደርስም ሊመረምርም በላቸው ቤት ሄደ። በሁለት ጉዳይ ወደ አንድ ቤት መግባት ሁልጊዜ ያሳፍረዋል። ከበሩ ሲደርስ እግሩን ሊያሳርፍ የለመደው መርገጫ ጎደለበትና ተደናቅፎ ጉልበቱን መታው። ከደጃፉ መሬት ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

የሟቹ ሚስት ፀሐይነሽ ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።

«ይመስገን። ይቀመጡ።»

«ቅዳሜ የት ሄደ?»

«ለእርቅ ነው የምሄደው አለኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ወጣ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእግዜር ጋር ይሁን ከሰው አልነገረኝም።»

«ጠላት ነበረው?»

ፀሐይነሽ ሳቅ መሰል ነገር አለች። «አፉ ነበር ጠላቱ። መጀመሪያ ፈርቶ ነበር የሚያነበው፤ እንቢ ካልኩ ያስሩኛል እያለ። በኋላ ሰው ድምፁን ሲያደንቅለት ወደደው። ቤት ውስጥ ሳይቀር ይለማመድ ነበር። ‹ውሸት ቢሆንስ?› ስለው ‹እኔ መች ጻፍኩት› ይለኛል። እነዚያ አምስቱ ከሞቱ ወዲህ ግን እህል አልዘለቀውም። ‹ሌላውን ሁሉ እነሱ ጻፉት፣ ዋስ ነኝ ያልኩት ግን እኔ ነኝ› ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽ፣ ምን ላድርግለት።»

ብሩ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነበረበት። ግን ሴትዮዋ አለቀሰች፤ እሱም ደከመው፤ ተነሥቶ ወጣ። ያን ቀን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ እንደቀረ ያወቀው ኋላ ነው።

* * *

ወልደ ሚካኤልን ረቡዕ በቢሮው አነጋገረው። ግድግዳው ሙሉ ማስታወቂያ ነው፤ ሁሉም ስለ ሰላም ያወራል።

«አበልጄ ነበር» አለ። «የሴት ልጁ የክርስትና አባት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እዚህ ወረቀት ስገለብጥ ነበር። አብሬው ብሆን ኖሮ አይሞትም ነበር።»

«ሥራው ላይ የሚመቀኘው ነበር?»

«የሱፍን ይጠይቁት። ጡሩምባውን ሲመኝ ዓመት አልፎታል።»

የሱፍ ማስታወቂያ ለጣፊው ነው። ብሩ ከመናፈሻው አጥር አጠገብ፣ እስከ ክርኑ ሙጫ ተቀብቶ አገኘው።

«ጡሩምባውን ተመኝቼ ነበር፣ አልዋሽም» አለ የሱፍ። «እነዚያ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ግን አልሃምዱሊላህ አላገኘሁት። እኔ የምለጥፈውን ዝናብ ያወርደዋል። ከአፍ የወጣውን ማን ያወርደዋል?»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ደሴ፣ ከአራዳ እስከ ፒያሳ ስለጥፍ። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ግማሹም ከኋላዬ እየመጣ ሲቀድ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ሙጫዬን ልመልስ ቢሮ ብሄድ ተቆልፏል፤ ቤቴ ወስጄው ጎረቤት ስለ ሽታው ተሳደበ።»

ብሩ ከሦስት ሱቅ ጠይቆ የሱፍ እውነቱን መሆኑን አረጋገጠ። ስለ ተቆለፈው በር የሰማውን በኪስ ደብተሩ ጻፈ።

* * *

ሐሙስ ኮምቦልቻ ወረደ። በሺርን እስር ቤት ውስጥ አየው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከንፈሩ አብጧል።

«ወላሂ አልገደልኩትም።»

«ድንጋዩ እናንተ ደጃፍ ምን ይሠራ ነበር?»

በሺር ፊቱን አዞረ። «እናቴን ጠይቃት። እሷ ካልፈቀደች እኔ አልናገርም።»

ብሩ በመጀመሪያ ጎረቤቱን ጠየቀ። በላቸውን ቅዳሜ ያየ አለ? ባለሱቁ አላየም። ልብስ ሰፊው አላየም። ከሱቁ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ሽማግሌ እንኳን፣ ዝንብ ስታልፍ የሚቆጥሩት፣ አላዩም። ብሩ በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድ ነገር ተምሯል፤ ሁሉም ሰው አላየሁም ካለ ሁሉም ሰው አይቷል።

የበሺር እናት ረሂማ ደጃፏ ላይ ጭድ በተነጠፈበት ቁጭ ብላ ነበር። አልተነሣችለትም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ ረሂማ።»

«ወአለይኩም። አንዱን ወሰዳችሁ፤ ሁለተኛውን ወሰዳችሁ። እኔን ልትወስድ ነው?»

«ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«ለማን ልትነግርለት? ለዚያ ለፈረንጁ?»

ብሩ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሸ ደጃፉን ተመለከተ። ከበሩ ጎን ግራጫ ብናኝ የፈሰሰበት፣ ሣሩ የተጨፈለቀ ቦታ አለ። ያን ጊዜ የጎደለበት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣለት። የወፍጮው ግማሽ የበላቸው ደጃፍ መርገጫ ነበር፤ ማክሰኞ የተደናቀፈው በጉድጓዱ ነው። የተላጠው ማጅራት፣ ጋቢው፣ የቆሰለው እግር። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በማጅራት ላይ ያለ የድንጋይ ቁስል ካየ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ብሩ ግን የዚህ አገር ሰው ነው። አባቱ የሰው ነፍስ አጥፍቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ይቅርታ ለመለመን በሟች ቤተሰብ ደጃፍ ሲቆም በልጅነቱ አይቷል። ይህን ረስቶ አራት ቀን መቆየቱ አሳፈረው።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ድንጋዩን ከማጅራቱ ያወረደለት ማን ነው?»

ረሂማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «በሺር በሩን ዝጊበት አለኝ። ዘጋሁበት። ከቀትር ዙሁር ሶላት እስከ አሱር ሶላት ቆመ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ እስክል። ደሙ በአንገቱ ሲወርድ በበሩ ሽንቁር አየሁት። ያረቢ አልኩ፤ እሱም የእናት ልጅ ነው። ወጥቼ ‹አውርድ› አልኩት። በሺር እያለቀሰ ተቀበለው። ውሃ አጠጣሁት። ‹እማማ፣ ሰኞ ገበያ ላይ አማኑ ውሸት መሆኑን፣ ማን እንደዋሸኝም ጭምር እናገራለሁ› አለኝ።»

«ማን እንደዋሸው ነገረዎት?»

«‹ወረቀቱ የሚለውን ሁሉ አልነገረኝም› ብቻ ነው ያለው። ስም አልጠራም።»

«ለምን ይህን ለማንም አልተናገሩም?»

«መጣ ብንል እዚህ ገደላችሁት አይደል የምትሉት? ሳንናገርም ይኸው አላችሁ።»

«ሲሄድ ጫማ ነበረው?»

«በባዶ እግሩ መጣ፤ በባዶ እግሩ ሄደ። የሀምዱን ጫማ ብሰጠው ‹ይህንስ አልችልም› አለኝ።» ረሂማ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ሀምሳ አለቃ፣ የቀረኝ አንድ ነው።»

ብሩ ሊያጽናናት «አብሽሩ» ሊል ፈለገ። ይህም ቃል መስጠት መሰለውና ተወው። የዋስ ቃል ዋጋ ምን እንደሆነ ገና እየሰማ ነበር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ተመልሶ ፀሐይነሽ ዘንድ ሄደ። በዚህ ጊዜ ማክሰኞ የረሳትን ጥያቄ ጠየቀ።

«ሲወጣ ጫማውን የት ተወው?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ድንጋዩን አወቁት ማለት ነው።»

«አውቄዋለሁ። ጫማውን ንገሪኝ።»

«አልጋው ሥር ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሰው መጣ… ካፒታኖው እንዳይሰማ ኋላ ለምኖኝ ነው ዝም ያልኩት። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥሎ ወርዶ ነበርና እንዳይቀጡት። የት ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። እግሩ አሳዝኖኝ፣ ጫማውን ያድርስልኝ ብዬ ሰጠሁት።»

«ለማን?»

ፀሐይነሽ ስሙን ነገረችው። ከዚያ ራሷ የተናገረችውን ሰማችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

* * *

ቅዳሜ ካፒታኖ ፎስኪ ፊት ቆመ። ጠረጴዛው ላይ የሚፈረመው ወረቀት ተዘጋጅቷል። ወልደ ሚካኤል እንደ ወትሮው በመካከላቸው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል።

«ገዳዩን አግኝቻለሁ በልልኝ» አለ ብሩ።

ወልደ ሚካኤል ተረጎመ።

«በላቸው በድንጋዩ አልተመታም። ተሸክሞት ነው የሄደው፤ ይቅርታ ሊጠይቅ። ከረሂማ ቤት በባዶ እግሩ፣ በሕይወት ወጣ። አስከሬኑ ግን ጫማ አድርጓል። ጫማውን ከቤቱ የወሰደ ሰው ቅዳሜ ቀን ኮምቦልቻ ወርዶ አግኝቶታል። አብረው ሐረጎ ድረስ ወጡ። በላቸው ከመታጠፊያው ጫፍ ተቀምጦ የግራውን ክር ሳያስር ወደ ገደሉ ተገፋ። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነበርኩ ብሎኛል፤ ቢሮው ግን በዘጠኝ ሰዓት ተቆልፎ ነበር።» ብሩ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ገዳዩ አስተርጓሚው ወልደ ሚካኤል ነው። ይህንንም ተርጉምላቸው።»

ወልደ ሚካኤል ወረቀት መሰለ። ካፒታኖው ጠበቀ። ወልደ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገና በጣልያንኛ መናገር ጀመረ፤ ረጋ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ። ብሩ አብዛኛው አልገባውም። «በሺር» የሚለውን ስም ግን ሁለት ጊዜ ሰማ። የራሱን ስም ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ከሙገሳ ጋር።

«ብራቮ» አለ ካፒታኖው፣ እጁን ዘርግቶ።

ብሩ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ባይፈርም ሰኞ ድንጋዩንም እስረኛውንም ለሌላ ሰው ይሰጡ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወልደ ሚካኤል ተከትሎት መጣ። ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ጫማ ይዤለት ነው የሄድኩት። ሊገድል የሚሄድ ሰው ጫማ ይዞ ይሄዳል?»

«ከዚያስ?»

«ሰኞ ታምሜያለሁ በል፣ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን ስሜን ሊጠራ ነበር። ጣልያንኛው ‹እስኪገቡ ድረስ ምሕረት ቃል ይገባላቸው› ይላል። ‹እስኪገቡ ድረስ› የምትለዋን በአማርኛው ተውኳት። ሁለት ቃል ናት። ብጽፋት ማን ይገባል? ተዋት ያሉኝ እነሱ ናቸው። እኔ አፍ ብቻ ነኝ፣ ሀምሳ አለቃ።»

«በላቸውም አፍ ነበር።»

«እርስዎስ?» ወልደ ሚካኤል ዐይኑን አነሣ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የያዟቸው ሰዎች የት እንደሚወሰዱ አያውቁም ነበር? እኔ ቃል አጎደልኩ፤ እርስዎ ሰው አጎደሉ። አሁንም ፈረሙ።»

የተባለው እውነት ነው፤ አመመውም። ሌባው ያው ሌባ ነው እያለ ሌባ ያልሆኑትንም ሲያስር እንደኖረ፣ ዛሬ ከነፍሰ ገዳይ አፍ ሰማው።

«ሰኞ እንገናኛለን» አለውና ሄደ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ሚስቱን ሸዋረጋን ቦሩ ሜዳ ወዳሉት ዘመዶቿ ሰደዳት። ምክንያቱን ስትጠይቀው «ነገ ተነገ ወዲያ ይገባሻል» አላት። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለችና ዳግመኛ አልጠየቀችውም፤ ኩታውን አጥፋ በሻንጣዋ ከተተችው። እሑድ ደግሞ ረሂማ ቢስቲማ ወንድሟ ዘንድ እንድትሄድ ከልብስ ሰፊው ጋር መልእክት ላከ። ያ ምንም የማያይ ልብስ ሰፊ በቅሎ ጭኖ ራሱ አደረሳት።

* * *

ሰኞ ገና ሲነጋ ብሩ በሺርን ከኮምቦልቻ እስር ቤት ብቻውን ተረከበው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እስረኛ አምልጦት ስለማያውቅ ዘብ ልጨምርልህ ያለው የለም። ሐረጎ መታጠፊያ ሲደርሱ ቆመ። የበሺርን እጅ ፈታ።

«እናትህ ቢስቲማ ናት። በመንገድ እንዳትሄድ፤ በሸንተረሩ ሂድ።»

በሺር እጁን እያሸ አየው። «ከኋላ ልትተኩስብኝ ነው?»

«እሱን ብፈልግ ገበያው ይበቃህ ነበር።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«እኔ ዋስህ ነኝ እላለሁ።»

በሺር ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፤ የብሩን ትከሻ ሳመ፤ ከዚያ ቁጥቋጦው ዋጠው። ብሩ ከደሴ ይዞት የወረደውን ጆንያ አነሣ። ድንጋዩ በውስጡ ነው፤ ከባድ ነው። በላቸው ከደሴ እዚያ ድረስ እንዴት ቻለው ብሎ አሰበ። የሚያልፍ የጭነት መኪና አቁሞ ወደ ደሴ ወጣ።

ገበያው ጢም ብሏል፤ ድምፅ ግን የለም። ሰው የመጣው ሊገዛ ሳይሆን ሊያይ ነው። ከመድረኩ አጠገብ ገመዱ ተንጠልጥሏል። ካፒታኖው ሰዓቱን ያያል። ወልደ ሚካኤል የበላቸውን ጡሩምባ ይዟል፤ ወረቀቱ በሌላ እጁ አለ።

«እስረኛውስ የት ነው ይላሉ?» አለ ወልደ ሚካኤል።

ብሩ ከመድረኩ ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ጆንያውን ፈታ። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ከማጅራቱ ላይ ጫነው። ደረጃዋን አንድ አንድ እያለ ወጣና በሕዝቡ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ካፒታኖው ፈገግ አለ። ድንጋዩን ለሕዝቡ አሳይ ብሎት ነበርና ያሳየ መሰለው። ገበያው ግን ያየው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ሌላው ወንድ ሁሉ፣ ከጭንቅላቱ ጥምጣሙንም ባርኔጣውንም አወረደ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ጡሩምባ አያስፈልግም።

«በላቸው በዚህ ድንጋይ አልሞተም» አለ ብሩ። ድምፁ አያምርም፤ ግን ተሰማ። «እኔ አሁን እንደቆምኩ ረሂማ ደጃፍ ቆሞበታል፤ እሷም አውርድ ብላዋለች። በሺር አልገደለም፤ ፈትቼዋለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ። አማኑ እስክትገቡ ድረስ ብቻ የሚሠራ አማን ነው፤ አትግቡ። በላቸው ይህን ሊነግራችሁ ስለነበር ነው ከገደል የተገፋው። የገፋው አጠገቤ ቆሟል፤ አሁን ቃሌን ለአለቃው ይተረጉምላቸዋል። እኔንም ይቅር በሉኝ፤ ብዙ ሰው ለእነዚህ ሰዎች አስረክቤያለሁ።»

የካፒታኖው ፈገግታ ጠፋ። ወደ ወልደ ሚካኤል ዞሮ አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀ። ይህንን ብሩም ያውቀዋል፤ ምን አለ ነው የሚለው።

ገበያው በሙሉ ወልደ ሚካኤልን ተመለከተ። አፉን ከፈተ። የሚያምር ጣልያንኛ ነበረው፤ ሊል የሚችለውም ብዙ ነበር። ካፒታኖው ደገመለት፤ ጮኸበት። ወልደ ሚካኤል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቃል አልወጣውም። ጡሩምባው ከእጁ ሾልኮ በደረጃው ላይ እየተንኳኳ ወረደ።

ያን ጊዜ ጥቁር የለበሰች ሴት ሰዉን እየለየች መጣች። ፀሐይነሽ ናት። ወታደሮቹ የምትሠራውን ሳያውቁ አሳለፏት። ደረጃውን ወጣች፤ በሁለት እጇ ድንጋዩን ያዘች።

«ይበቃል» አለች። «ያውርዱ።»

«ከብዷል፣ ይጥልሻል» አላት ብሩ።

«የደጄ ድንጋይ ነው። አውቀዋለሁ።»

ድንጋዩን አውርዳ እንደ ሕፃን አቀፈችውና ደረጃውን ወረደች። ሰው መንገድ ከፈተላት። የብሩን እጅ ወታደሮቹ ወደ ኋላ ጠመዘዙት፤ ገበያውም ዕቃውን ሳይሸጥ መበተን ጀመረ፤ ማንም ወረቀቱ እስኪነበብ አልጠበቀም። ብሩ እስከ አጥንቱ ደክሞት ነበር፤ ወዴት እንደሚወስዱትም ያውቃል። ማጅራቱ ተልጦ ይለበልበዋል፤ የጥር ነፋስ ሲነካው ግን ቀዘቀዘለት።